ዘግይቶ የሚመጣ ትክክለኛ መልስ

በረንዳዎ ላይ ከሰል አያይዘው እንደሆነ አንድ ነገር ይሞክሩ። ፍሙ ደህና አድርጎ ሲግም በምድጃው ላይ አሻግረው የግቢውን በር ይመልከቱ። በሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይወዛወዛል። የበሩ ብረት እንዳልተነቃነቀ ያውቃሉ። በእርስዎና በበሩ መካከል ትኩስና ቀዝቃዛ አየር እየተደባለቀ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚያጎብጠው ነው። ማታ ደግሞ ቀና ብለው ኮከብ ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የምድጃውን ሥራ እዚህ ላይ የሚሠራው የመላው ከባቢ አየር ሙቀትና ነፋስ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ለፍቅረኛ የኮከብ ብልጭታ ውበት ነው፤ ለከዋክብት ተመራማሪ ግን መርገምት ነው። ብርሃኑ ከኮከቡ ተነሥቶ ሺህ ዓመት ያለ እንከን ይጓዛል። ከዚያ የመጨረሻዎቹን 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትሮች አየር ውስጥ ሲያልፍ፣ ማለትም ከሰከንድ አሥር ሺህኛ በማይበልጥ ጊዜ፣ ይበላሻል። ይህ ጽሑፍ ያንን ብልሽት ለማረም ስለተደረገው ሩጫ ነው። ሩጫ ያልሁት ለቋንቋ ማሳመሪያ አይደለም። መልሱን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ አየሩ ሳይለወጥ መልሱን ማግኘት ሌላ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ አይዛክ ኒውተን ነው። በ1704 ባሳተመው ኦፕቲክስ በተባለው መጽሐፉ ከዋክብትን የምናይበት አየር ዘወትር እንደሚንቀጠቀጥ፣ ቴሌስኮፕን ምንም ያህል አሳምሮ መሥራት ይህንን እንደማያድነው ገለጸ። መድኃኒት ብሎ ያቀረበው አንድ ነገር ነበር፤ አየሩ የረጋበት ረጅም ተራራ ፈልጎ መውጣት። ሰዎቹም ምክሩን ሰሙ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ቢሆን። ካሊፎርኒያ ላይ ማውንት ዊልሰን፣ ሃዋይ ላይ ማውና ኬያ፣ ቺሌ ላይ ላ ሲላና ፓራናል እያሉ ወጡ። የእኛዎቹ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የተተከሉት በከንቱ አይደለም።

ተራራው ግን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ጥሩ በሚባል ተራራ ላይ እንኳ፣ በዓይን ለሚታይ ብርሃን፣ አየሩ አንድ ወጥ ሆኖ የሚቆየው ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ስፋት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1948 የተመረቀው የፓሎማር ባለ 5 ሜትር መስተዋት፣ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት፣ ብርሃን በመሰብሰብ በዘመኑ አቻ ባይኖረውም በምስሉ ጥራት ረገድ አንድ ተማሪ ጣራ ላይ ከሚተክለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ብዙም አይሻልም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያናድዳል።

ከተናደዱት አንዱ ሆራስ ባብኮክ ሳይሆን አይቀርም። የሚሠራው በእነዚሁ በማውንት ዊልሰንና በፓሎማር ነበር፤ አባቱም የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በ1953 አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አየሩ ብርሃኑን እንዴት እንዳጣመመው እንለካ፤ ከዚያ መስተዋቱን በተቃራኒው እናጣምመው፤ ሁለቱ ጥመቶች ይጣፋሉ። ጠማማን በጠማማ ማቃናት ማለት ነው። እንዲህ በቅጽበት የሚጣመም መስተዋት ከየት ይመጣል? ባብኮክ ያሰበው በሲኒማ አዳራሽ ሸራ ላይ ቴሌቪዥን ለማሳየት የተሠራውን ኤይዶፎር የሚባል መሣሪያ ነበር። መስተዋት ላይ ስስ የዘይት ንብርብር ይቀባል፤ የኤሌክትሮን ጨረር ዘይቱ ላይ ኤሌክትሪክ እየረጨ ውፍረቱን ከቦታ ቦታ ይለዋውጠዋል። ብልህ ሐሳብ ነበር።

ጽሑፉ ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። አየሩ መልኩን የሚቀይረው በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። መለካቱ፣ ማስላቱና መስተዋቱን ማጣመሙ በዚያች ጊዜ ካላለቀ የተገኘው መልስ የአለፈው አየር መልስ ነው፤ ሊያቃና የተነሣው መስተዋት ጭራሽ ያበላሻል። የ1953 ኮምፒውተር ደግሞ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ፣ አንድ አዳራሽ የሚሞላ ግዙፍ ዕቃ ነበር።

ሽቦው ያሰላው

ሐሳቡን ከመደርደሪያ ያወረዱት ወታደሮች ናቸው። በ1957 ስፑትኒክ ከተተኮሰች በኋላ የሶቪየት ሳተላይቶች በአሜሪካ ሰማይ ላይ መመላለስ ጀመሩ። ፔንታጎን ምን እንደሚመስሉ፣ ምን እንደተሸከሙ ከምድር ሆኖ ማየት ፈለገ። በታላላቅ ቴሌስኮፖች ሲታዩም ያው በአየሩ የተነሣ የሚርገበገብ ድብልቅልቅ ያለ ብርሃን ናቸው። ገንዘቡ ተመደበ፤ ሥራውም ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌክሲንግተን ለሚገኘው አይቴክ ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። ይህ ኩባንያ ቀደም ሲል ለኮሮና የስለላ ሳተላይቶች ካሜራ የሠራ ነው።

አይቴክ ውስጥ ጆን ሃርዲ የሚመራው ቡድን በ1973 የመጀመሪያውን የሚሠራ መሣሪያ በቤተ ሙከራ አቆመ። የዘይቱ ነገር ቀርቷል። መስተዋቱ የተለጠፈው ኤሌክትሪክ ሲሰጡት በጥቂቱ የሚያብጥ፣ ሲከለክሉት የሚሟሽሽ ልዩ ቁስ ላይ ነው፤ ከጀርባው 21 ነጥቦች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መስተዋቱን ይገፋሉ ወይም ይለቃሉ። ሃያ አንድ ቁጥር ዛሬ ያስቃል። የዚያን ጊዜ ግን ሃያ አንዱን ቁጥር በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ማግኘት ቀልድ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና። መለኪያው የብርሃኑን ሞገድ ቅርጽ በቀጥታ አይናገርም። የሚናገረው ከአንዱ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ሲኬድ ሞገዱ ምን ያህል ሽቅብ ወይም ቁልቁል እንደሚል ብቻ ነው። አንድ መሬት ቀያሽ ኮረብታ ላይ በየአቅጣጫው እየተመላለሰ የእያንዳንዷን እርምጃ ሽቅብና ቁልቁል ብቻ መዘገበ እንበል። ከዚህ መዝገብ የመላውን ኮረብታ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም ቁጥር ከሁሉም ጋር ስለሚያያዝ አንዱን ለይቶ መፍታት አይቻልም፤ ሁሉም ባንድ ላይ ይፈታሉ። ለኮምፒውተር ይህ ብዙ ማባዛትና መደመር ነው።

የሃርዲ ቡድን ታዲያ ኮምፒውተሩን ተወው። በምትኩ ኤሌክትሪክን በልክ የሚያሳልፉ ትናንሽ ሬዚስተሮችን እንደ ዓሣ መረብ አያይዞ አንድ የሽቦ ድር ሠራ። የእርምጃዎቹን ሽቅብና ቁልቁል በየቋጠሮው በኤሌክትሪክ መልክ ሲያስገቡበት፣ ኤሌክትሪኩ በመረቡ ውስጥ ራሱን አከፋፍሎ ይረጋል፤ ሲረጋም በየቋጠሮው ላይ ያለው ቮልቴጅ የተፈለገው ቁመት ሆኖ ይገኛል። ማንም አላሰላም፤ ቢያንስ እኛ ማስላት በምንለው መንገድ። ውኃ በተፋሰሱ ላይ ደረጃውን እንደሚያገኝ ሁሉ መልሱ በኤሌክትሪክ ፍጥነት ራሱ መጣ። የጥያቄው ቅርጽ ከሽቦው ቅርጽ ጋር አንድ ነበርና። ይህን ሐሳብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመለሳል።

ሥራው አደገ። በ1982 ሃዋይ ውስጥ፣ ማዊ ደሴት ላይ፣ በሃሌአካላ እሳተ ገሞራ አናት ባለው የ1.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 168 ገፊዎች ያሉት መሣሪያ ተተከለ። ሳተላይቶች በላዩ ሲያልፉ ይመለከታቸው ነበር።

የተቆለፈው ሳጥን

አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። አየሩን ለመለካት ከሚታየው ነገር አጠገብ ደማቅ ኮከብ ያስፈልጋል፤ የሰማዩ አብዛኛው ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለ ኮከብ የለውም። በ1982 ጄሰን ለሚባለው፣ ለአሜሪካ መከላከያ ምክር ለሚሰጠው የሳይንቲስቶች ቡድን፣ የፊዚክስ ሊቁ ዊል ሃፐር አንድ መላ አቀረበ። ከምድር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቃጠሉ ተወርዋሪ ከዋክብት ጥለውት የሄዱ ስስ የሶዲየም ንብርብር አለ። በትክክለኛው ቢጫ ሌዘር ቢመቱት ያበራል፤ ሰው ሠራሽ ኮከብ በፈለጉበት ቦታ ይቀመጣል ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1983፣ ሮበርት ፉጌት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአየር ኃይሉ ጣቢያ የሌዘር ኮከብ እንደሚሠራ በሙከራ አረጋገጠ። ያንጊዜ የተጠቀመው ዝቅ ካለ አየር ላይ የሚንጸባረቅ ሌዘር ነው።

ይህ ሁሉ በምስጢር ነው። ጄሰን ውስጥ ከነበሩት ተመራማሪዎች አንዷ ክሌር ማክስ ነበረች፤ ለሥነ ፈለክ የሚጠቅመውን ነገር እያወቀች ለመናገር የማትችል። በ1985 ሬኖ ፏና አንትዋን ላቤሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ከምንም ተነሥተው ያንኑ የሌዘር ኮከብ ሐሳብ በግልጽ መጽሔት ላይ አወጡ። አሜሪካኖቹ አነበቡት፤ ዝም አሉ። ሳጥኑ የተከፈተው በግንቦት 1991 ሲሆን ፉጌት ሲያትል በተደረገው የአሜሪካ የከዋክብት ተመራማሪዎች ማኅበር ጉባዔ ላይ ቀርቦ ውጤቱን አሳየ። የሃፐር ጽሑፍ የታተመው በ1994 ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ። ወታደራዊ ምስጢር የራሱ ምክንያት አለው ይባላል፤ እኔም አልክድም። ግን በሺህኛ ሰከንድ የሚለካ ሥራ በመዝገብ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ሲቀመጥ ማየት ይከነክናል።

በግልጽ የሚሠሩት አውሮፓውያን ግን የአሜሪካኑን ሳጥን አልጠበቁም። በጥቅምት 1989 ደቡብ ፈረንሳይ በኦት ፕሮቫንስ በሚገኘው የ1.52 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ካም ኦን የተባለ መሣሪያ ገጠሙ። ስሙ የተባባሪዎቹን ተቋማት ስም በመቆራረጥ የተሠራ ቢሆንም በእንግሊዝኛ “ኑ እንጂ!” እንደ ማለት መሆኑ የታሰበበት ይመስለኛል። ገፊዎቹ 19 ብቻ ነበሩ። ያዋጣቸው ኢንፍራሬድ ብርሃን መምረጣቸው ነው፤ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ አየሩ እምብዛም አያውከውም፣ ስሌቱም ትንሽ ፋታ ያገኛል። የኮከቡ ምስል አየር እንደሌለ ያህል ጠርቶ ወጣ። በ1990 ዕቃውን ጠቅልለው ቺሌ ወስደው በላ ሲላ የ3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ደገሙት። ባብኮክ በሕይወት ነበር፤ ዕድሜው 77።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ውጤት ብዙዎቻችን በሌላ ስም እናውቀዋለን። በፍኖተ ሐሊብ መሐል፣ ከእኛ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ፣ በአንድ የማይታይ ነገር ዙሪያ የሚዞሩ ከዋክብት አሉ። የራይንሃርት ጌንዘል ቡድን ከቺሌ፣ የአንድሪያ ጌዝ ቡድን ከሃዋይ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ኤስ 2 የተባለችው ኮከብ ዙሯን የምትጨርሰው በ16 ዓመት ነው። በ2002 ወደ መሐሉ ተጠግታ ስትጠመዘዝ፣ በፓራናል ላይ ገና መተከሉ የነበረው የሚጣመም መስተዋት ያለው መሣሪያ ያያት ነበር። የማይታየው ነገር የ4 ሚሊዮን ፀሐዮች ያህል ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ መሆኑን አሳመነ። ሁለቱም በ2020 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። አየሩ እንዳልተገራ ቢቀር ኖሮ እነዚያ ከዋክብት ሲጠጋጉ አንድ ላይ የፈሰሱ እድፍ ይሆኑ ነበር።

በሕክምናም አለ። በ1997 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴሌስኮፑን ገልብጠው ወደ ሰው ዓይን አዞሩት፤ የዓይናችን ሌንስም እንደ አየሩ ሸካራ ነውና። በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉትን ሴሎች አንድ በአንድ አዩ። ለዓይን የሚያስፈልገው ፍጥነት ግን ለሰማይ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያንሳል፤ ስለዚህ ወደ ከባዱ እንመለስ።

እንደገና ወደ ሽቦ

የቴሌስኮፑ ስፋት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልጉት ገፊዎች 4 እጥፍ ይሆናሉ፤ ስፋቱ በሁለት አቅጣጫ ነውና። መለኪያዎቹም 4 እጥፍ። እያንዳንዱ ገፊ ከእያንዳንዱ መለኪያ ጋር ስለሚባዛ ስሌቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አየሩ ግን ለትልቅ ቴሌስኮፕ ብሎ አይታገሥም፤ ጊዜው ያችው ሺህኛ ሰከንድ ናት።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ2014 ፓራናል ላይ ስፌር የተባለ መሣሪያ ሥራ ጀመረ፤ ዓላማው ከኮከብ አጠገብ የተደበቀች ፕላኔትን በቀጥታ ማየት ነው። ብርሃኑ በ40 በ40 በተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ላይ ይወድቃል፤ እያንዳንዷ ሌንስ የኮከቡን አንዲት ነጥብ ትሠራለች፣ ነጥቧ ከቦታዋ ስትሸሽ አየሩ እዚያ ላይ እንዴት እንደተጣመመ ይታወቃል። ይህ አሠራር በ1971 ሮላንድ ሻክ ያሻሻለው ነው። ከ1240 ሌንሶች 2480 ቁጥሮች ይገኛሉ፤ መስተዋቱ ደግሞ 1377 ገፊዎች አሉት። ሁለቱን ያባዟቸው፤ 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ማባዛት ለአንድ ጊዜ ማቃናት። ይህ በሰከንድ 1200 ጊዜ ይደገማል። በየሰከንዱ ከ4 ቢሊዮን በላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ፈጣን ኮምፒውተር መግዛት ነዋ! ይሉ ይሆናል። ችግሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ተራ ኮምፒውተር እንደ አንድ ባለ ብዙ ኃላፊነት ጸሐፊ ነው። ሲያሰላ ቆይቶ መሐል ላይ ስልክ ያነሣል፤ ፋይል ያስቀምጣል፤ የጽዳት ሠራተኛውን ያናግራል። እርስዎ ደብዳቤ ሲጽፉበት ይህችን መዘግየት አያስተውሏትም። ለመስተዋቱ ግን በአማካይ በሰዓቱ የሚደርስ መልስ ዋጋ የለውም። በአማካይ በሰዓቱ የሚነሣ ባቡር ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ሁልጊዜ፣ በተመሳሳይ ቅጽበት መድረስ አለበት።

መፍትሔው የመጣው ከሰማይ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ሰው ነው። ሮስ ፍሪማን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1984 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ዛይሊንክስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ከዚያ በፊት ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጣዊ ሽቦው እንደተቀየሰ ይቀራል፤ መለወጥ ቢያሻ ሌላ ቺፕ ማሠራት ነው፣ እሱም ብዙ ወርና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ፍሪማን ያሰበው ባዶ ቺፕ ነበር፤ ብዙ ትናንሽ የሎጂክ ክፍሎች፣ በመካከላቸውም ገዢው ራሱ እንደፈለገ የሚያገናኛቸው መንገዶች። አብዛኛው ትራንዚስተር ለማገናኛ ይባክናል፤ እሱ ግን ትራንዚስተር እንደ ጨው እንደሚረክስ ተማምኖ ነበር። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ቺፕ 64 ክፍሎች ብቻ ነበሩት። የዚህ ዓይነቱ ቺፕ ዛሬ በፊደሎቹ ኤፍ ፒ ጂ ኤ ይባላል። ፍሪማን በ41 ዓመቱ ሞተ፤ በ1989፣ ካም ኦን በኦት ፕሮቫንስ በተገጠመበት ዓመት።

ይህ ቺፕ እንደ ጸሐፊው አይሠራም። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ኮንክሪት ሲሞላ አይተው ያውቃሉ? ሠራተኞቹ በእንጨት መወጣጫው ላይ ከታች እስከ ላይ ይሰለፋሉ፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ይቀበላል። ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፣ ማንም ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ባልዲ ላይ ሳይደርስ አሥረኛው ተነሥቷል። ኤፍ ፒ ጂ ኤ ውስጥም ካሜራው የምስሉን የመጀመሪያ መስመር ሲሰድ አንዱ የሽቦ ክፍል ነጥቧን መለካት ይጀምራል፤ ሁለተኛው መስመር ሲመጣ የመጀመሪያው ወደ ማባዣው አልፏል። ምስሉ ተነቦ ሲያልቅ ስሌቱም ሊያልቅ ጥቂት ነው የሚቀረው። የሃርዲ ሬዚስተሮች ተመልሰው መጡ ማለት ነው፤ እንደገና የጥያቄው ቅርጽ የሽቦው ቅርጽ ሆነ። የአሁኑ ሽቦ ግን ነገ ሌላ ጥያቄ ቢመጣ ፈርሶ እንደገና ይቀየሳል።

አንድ ቺፕ አይበቃም። የዚያን ጊዜ ቺፖች ሦስት ሚሊዮን ተኩል ቁጥር በውስጣቸው የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰሌዳው ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ድርሻ አባዝቶ በመጨረሻ ይደመራል። ቺፖቹ ሲበዙ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል፤ ማስላቱ ፈጥኖ መነጋገሩ ይዘገያል። የእነዚህ ስብስቦች መሐንዲሶች ብዙ ሌሊት ያጠፉት በማባዛቱ ላይ ሳይሆን በቺፖቹ መካከል በተዘረጋው ገመድ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የፓራናልን ቴሌስኮፖች የሚያስተዳድረው የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ስፓርታ የሚባል አንድ መድረክ ሠራ፤ ለስፌርም ለሌሎችም እንዲያገለግል። ስፓርታ ቅይጥ ነው። ኤፍ ፒ ጂ ኤዎቹ ከካሜራው የሚመጣውን ጎርፍ ተቀብለው ነጥቦቹን ይለካሉ፣ በክፍሎቹ መካከል ያለውንም ትራፊክ ያስተናብራሉ፤ ትልቁን ማባዛት ለሌላ ዓይነት ፈጣን ቺፖች ያስተላልፋሉ፤ ተራዎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ጊዜ የማይሻውን፣ መመዝገቡንና መከታተሉን ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሥራ መስጠት ነው። በ2018 ስፌር ፒ ዲ ኤስ 70 በሚባል ወጣት ኮከብ ዙሪያ፣ በአቧራው ቀለበት ውስጥ፣ ገና በመሠራት ላይ ያለች ፕላኔትን ፎቶ አነሣ። አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ናት። ያቺን ነጥብ ከኮከቡ ብርሃን ለመለየት ስንት ሺህኛ ሰከንድ በሰዓቱ መድረስ እንደነበረበት ሳስብ ነጥቧ ትተልቅብኛለች።

ታዲያ ሽቦው አሸነፈ ወይ? አላሸነፈም። በ2011 በፓሎማር፣ በዚያው ባብኮክ በሠራበት የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ፣ ከ3000 በላይ ገፊዎች ያሉት መስተዋት ሲገጠም ስሌቱን የተሸከሙት 16 የግራፊክስ ካርዶች ናቸው፤ ልጆች የቪዲዮ ጌም የሚጫወቱባቸው ዓይነት። ከ2015 እስከ 2018 ደግሞ ግሪን ፍላሽ በተባለ ፕሮጀክት የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪና የዳራም ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ኩባንያዎች ጋር ሆነው የግራፊክስ ካርዱን፣ ባለ ብዙ ልብ ፕሮሰሰሩንና ኤፍ ፒ ጂ ኤውን ጎን ለጎን ፈተኑ።

የኤፍ ፒ ጂ ኤ ድካሙ የሰው ነው። ሽቦ መቀየስ ፕሮግራም እንደ መጻፍ አይደለም። አንዲት ለውጥ አድርጎ ቺፑ እስኪሰናዳ ሰዓታት መጠበቅ አለ። ጥበቡን የሚያውቁ መሐንዲሶች ጥቂት ናቸው፤ ሲለቁም እውቀቱ አብሯቸው ይሄዳል። ቴሌስኮፕ ደግሞ 30 ዓመት ይኖራል። ቺሌ ውስጥ በሴሮ አርማዞኔስ ተራራ እየተሠራ ላለው ባለ 39 ሜትር ግዙፍ ቴሌስኮፕ የመስተዋቱ ገፊዎች ከ5000 በላይ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት መለኪያ ብንቆጥር 50 ሚሊዮን ማባዛት በአንዲት ሺህኛ ሰከንድ ይሆናል። ለዚህ መሐንዲሶቹ በብዛት የመረጡት ከገበያ የሚገዙ ሰርቨሮችንና የግራፊክስ ካርዶችን ነው። እነዚህ ሰርቨሮች ጸሐፊው ስልክ እንዳያነሣ፣ ማንንም እንዳያናግር ተደርገው ተገርተዋል። ኤፍ ፒ ጂ ኤ ወደ ዳር ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ ካሜራው ውስጥ፣ ካሜራውን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው ካርድ ላይ፣ አንዲት ቅጽበት እንኳ መዛነፍ በማይፈቀድበት ቦታ ሁሉ አለ። ለእኔ ይህ ሽንፈት አይመስለኝም፤ ድንበር ላይ የሚቆም ዘበኛ ከከተማው አይቀርም ማለት አይደለምና።

ባብኮክ በ2003 አረፈ፤ የኤስ 2 ጉዞ በታተመ በዓመቱ ገደማ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሌዘር ኮከብ ዛሬ ከምስጢር ወጥቶ በብዙ ተራሮች ላይ ይበራል፤ ፓራናል ላይ ብቻ አራት ብርቱካንማ ጨረሮች ከአንድ ቴሌስኮፕ ይወጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ሌዘራቸውን ከማብራታቸው አስቀድሞ ሌሊቱን የሚያዩአቸውን የሰማይ ቦታዎች ዝርዝር ለወታደራዊው ክፍል ይልካሉ። መልሱ በዝርዝር ይመጣል፤ ከዚህ ሰዓት ከዚህ ደቂቃ ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ አጥፉ የሚል። በዚያች ቅጽበት በላያቸው የምታልፍ ሳተላይት አለች፤ ዓይኗ በሌዘር እንዳይጎዳ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዓታቸውን አይተው ሌዘሩን ያጠፋሉ፤ ሳተላይቷ እስክታልፍም በጨለማው ተራራ ላይ ይጠብቃሉ።